በግራ በኩል ያለችው ልጅ

መርዶ ነጋሪዎች ቤቴ የመጡት ቅዳሜ ማለዳ፣ የሥራ ልብሴን ለብሼ የመኪና ቁልፍ ስፈልግ ነበር። በሩን ስከፍት የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎችና እዚሁ አሜሪካ ከዳሊ ሲቲ የመጡ የእህቴ ጓደኞች ደረጃው ላይ ቆመዋል። የአገሬ ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። "ማነው?" ብቻ ነው ያልኩት። አባቴ ነበር። ያልጠበቅሁት ግን ሌላ ነው፤ አባቴ ከተቀበረ ወራት አልፈው ነበር።

እነዚያን ወራት ሁሉ አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ አልማዝ በደወልኩ ቁጥር "ተኝቷል"፣ "ጉሮሮውን አሞታል"፣ "ኔትወርኩ እምቢ አለ" ስትለኝ ከርማለች። እኔ ሞኟ ደግሞ "እንግዲያው ይሄን አሰሚው" እያልኩ ድምፄን ቀድቼ እልክላት ነበር። አፈር የለበሰውን ሰው "ሾርባውን እየጠጣህ ነው? እግርህን ታሽተሃል?" እያልኩ ስጠይቅ ከረምኩ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አልማዝን አላናገርኳትም። እልኸኛ ነኝ፤ እናቴ ነፍሷን ይማርና "ይቺ ልጅ ከጥርሷ በፊት ቂም ነው ያበቀለችው" ትል ነበር።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ቀጥሎ የማወጋችሁ ነገር ሲደርስ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው። እውነት ቢገድልም ይነገር የምል ሰው ነበርኩ። ሰው ለምን እንደሚደብቅ በጭራሽ አይገባኝም ነበር።

ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ያኔ ኦክላንድ ውስጥ የምንከባከባቸው ሚስ ኦፓል የሚባሉ፣ ዘጠናዎቹን ያጋመሱ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። እንግሊዝኛ "እርስዎ" ባይኖረውም እኔ በልቤ እርስዎ እላቸው ነበር። ልባቸው ደክሞ ሐኪሞቹ የሚደረገው ሁሉ ተደርጓል ብለው ወደ ቤት መልሰዋቸዋል። የዓይናቸው መሐል ጠፍቶ የሚያዩት በዳር በዳሩ ብቻ ነው። ሰው ማየት ሲፈልጉ ፊታቸውን ወደ ጎን ያዞራሉ። መጀመሪያ ሰሞን የተቀየሙኝ እየመሰለኝ እጨነቅ ነበር።

በወጣትነታቸው ዳንሰኛ ነበሩ። እሳቸውና በአንድ ዓመት የምትበልጣቸው እህታቸው ሩቢ አብረው ነው የሚደንሱት። ኦፓልም ሩቢም የከበሩ ድንጋዮች ስም ነው። የኔም እህት አልማዝ ትባላለች ብዬ ትርጉሙን ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ።

"ታዲያ ስትደውይላት ሰምቼ አላውቅም" አሉኝ።

"አንነጋገርም።"

"በሕይወት አለች?"

"አለች።"

ወደኔ ያዞሩትን ፊታቸውን መለሱ። ይህ ከስድብ ባሰብኝ።

የሩቢን ነገር የነገሩኝ ቀስ በቀስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ግድም በየመጠጥ ቤቱ ቁም ሳጥን የሚያክል ማሽን ይቆም ነበር አሉ። ሳንቲም ስትከቺለት ፊቱ ላይ ባለች ትንሽ ስክሪን የሦስት ደቂቃ ፊልም ያሳይሻል፤ አንድ ዘፈን፣ አንድ ጭፈራ፣ አለቀ። ትልልቆቹ ፊልም ሠሪዎች ጥቁር ሰው የሚፈልጉት ለሎሌነትና ለገረድነት ነበር። እዚያ ሳጥን ውስጥ ግን የጃዝ ተጫዋቾቹ ለሦስት ደቂቃም ቢሆን የራሳቸውን ሥራ ይጫወታሉ።

"ብዙዎቹ መጠጥ ቤቶች በፊት በር አያስገቡንም ነበር" አሉ ሚስ ኦፓል። "በሳጥኑ ገባን።"

እሳቸውንና ሩቢን ለአንድ ቀን ሎስ አንጀለስ ጠሯቸው። በስተኋላ የወረቀት ጨረቃ፣ ነጭ ፒያኖ፣ የባንዱ ስም የተጻፈበት ትልቅ ከበሮ፤ ሁለቱ ደግሞ ነጠብጣብ ያለው አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው። ያን ቀን ጠዋት ሩቢ ከአልጋ መነሳት አቃታት።

"'ጎኔን' አለችኝ። 'ተነሺ' አልኳት። 'እኛን የሚተኩ ልጆች በር ላይ ቆመዋል፣ ተነሺ።' ተነሳች። መሐል ላይ የኔ ጫማ ማሰሪያ ተበጠሰ፣ ፊልም ውድ ስለሆነ ማንም አላስቆመንም። ማሰሪያዬ እየተንጠለጠለ፣ እሷም ጎኗን እያመማት ጨረስን። ትርፍ አንጀቷ ነበር። ሆስፒታል ስትደርስ ፈንድቶ ነበር፤ ሞተች።"

የፊልሙ ሰዎች ለእናታቸው "እስከ መጨረሻው እየሳቀች ነበር" አሏት። እናትየዋ ያንን ቃል ይዛ ኖረች፤ የሩቢን ፎቶዎች ግን ማየት ስላልቻለች አቃጠለቻቸው። ፊልሙንም ማናቸውም ሳያዩት ማሽኖቹ ከየመጠጥ ቤቱ ጠፉ።

"አጠገቧ ነበርኩ፣ ግን አላየኋትም" አሉኝ። "ዳንሰኛ ካሜራውን ነው የሚያየው። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ፊቷን ማየት። እየሳቀች ነበር ወይስ እያመማት?" ቀጥለውም፣ ፊልሙ የሚገኝ ይመስል፣ "በግራ የምትቆመው እሷ ናት። ግራኝ ስለነበረች ቦታዋ ሁልጊዜ በተመልካቹ ግራ ነው" አሉ።

ይህን ታሪክ አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ለጋሽ መርዕድ አወጋኋቸው። ጋሽ መርዕድ ሳን ሆዜ የሚኖሩ አዛውንት፣ ያን ቅዳሜ ደረጃዬ ላይ ከቆሙት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበሩ። አሁን ጡረታ ወጥተው ጋራዣቸውን በአሮጌ ፕሮጀክተር ሞልተውታል፤ ሚስታቸው መኪናዋን ውጭ ነው የምታሳድረው። ፍሊ ማርኬት ከሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ የማይለቅሙት የፊልም ጥቅል የለም።

"የወረቀት ጨረቃ ነው ያልሽኝ?" አሉ ሻያቸውን አስቀምጠው። "ነጭ ፒያኖ? ሁለት ሴት ልጆች?"

"ነጠብጣብ ቀሚስ" አልኩ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር እኔ ቤት አለ።"

የሚስ ኦፓልን የወንድም ልጅ ፈቃድ ጠይቄ፣ ኦክሲጅናቸውን ፈትሼ፣ ዊልቸራቸውን አጥፌ ጭኜ በማግስቱ ሰኞ ረፋድ ላይ ወደ ሳን ሆዜ ወረድን። ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተው ነበር፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ትንሽ ወጣ ብሏል። ልጠርገው ብዬ ተውኩት።

ጋሽ መርዕድ ሸሚዝ ለብሰው ክራባት አስረው ጋራዥ በር ላይ ጠበቁን። ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥረዋል። ሚስ ኦፓልን ከጨርቁ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አስቀመጥኳቸው። ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው በዓይናቸው ዳር ጨርቁን ያዩ ጀመር። መብራቱ ጠፋ፣ ፕሮጀክተሩ ተንጫጫ፣ ጨረቃዋ ወጣች።

ሁለት ልጆች ከሁለት ጎን ዘለው ገቡ። ኮረዶች ናቸው፤ እግራቸው መሬት የሚነካ አይመስልም። ሁለቱም አንድ መልክ፣ አንድ ቀሚስ። በግራ በኩል ያለችው ጥርሷ በሙሉ እየታየ ትስቃለች።

"ያቻት" አሉ ሚስ ኦፓል። "ግራ። ሩቢ።" እንባቸው የከንፈራቸው ቀለም ላይ ወረደ። "እየሳቀች ነው። አየሻት?"

"አየኋት" አልኩ እኔም እያለቀስኩ። እውነት ነው፣ እንደዚያች ልጅ በደስታ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። እየሳቀች ስትሽከረከር እግሯ ላይ አንድ ነገር ሲወናጨፍ አየሁ። የጫማ ማሰሪያ ነው። ያኔ ምንም አላሰብኩም።

ጋሽ መርዕድ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። "ሴትየዋ በግራ ነው ያሉት?"

"አዎ፣ ግራኝ ስለነበረች ግራ ነው የምትቆመው።"

ፊልሙ አልቆ ጫፉ መንኮራኩሩ ላይ ሲማታ እንኳ ለማጥፋት አልተነሱም። ከዚያ በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከበሮው ላይ ያለውን ጽሑፍ አላየሽም? ፊደሉ ሁሉ የተገለበጠ ነው" አሉኝ።

"አላየሁም። ምን ማለት ነው?"

"እነዚህ ፊልሞች ለዚያ ሳጥን ብቻ የተሠሩ ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ መስታወት አለ። መስታወቱ ምስሉን ስለሚገለብጠው፣ እንዲቃና ብለው ፊልሙን ቀድመው ገልብጠው ያትሙታል። በኔ ፕሮጀክተር ሲታይ መስታወት የለም። ግራው ቀኝ ነው፣ ቀኙ ግራ ነው።"

"ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?"

"ግራና ቀኝ ማን ጠየቀኝ ልጄ? አንቺ ፊልም አለ ወይ ነው ያልሽኝ።"

ማሰሪያው ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ሚስ ኦፓል ሦስት ደቂቃ ሙሉ እያለቀሱ ሲያዩአት የቆዩት ልጅ ራሳቸው ነበሩ።

"ሌላኛዋንስ አይተዋታል?" አልኩ።

"አይቻታለሁ" አሉና መሬት መሬት አዩ።

"አንዴ ድገሙልኝ" አሉ ሚስ ኦፓል በእንግሊዝኛ። ጋሽ መርዕድ ፊልሙን መልሰው ጠቀለሉት። በሁለተኛው ጊዜ እኔ የማየው ቀኟን ልጅ ብቻ ሆነ። ፊቷን ወደ ካሜራው ስታዞር ትስቃለች። ጀርባዋን ስትሰጥ፣ ዞራ ጎኗ ሲታይ፣ ሳቁ ከፊቷ ላይ ይወድቃል። ከንፈሯን ነክሳለች። እጇ ደጋግሞ ወደ ጎኗ ይሄድና፣ እንደተያዘ ሌባ፣ ቶሎ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ሁለት እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ እሷ አንዱን ብቻ ነው ያነሳችው። ሌላው ጎኗ ላይ ቀረ።

"እነግራቸዋለሁ" አልኩ በአማርኛ፣ ዓይኔን ከጨርቁ ሳልነቅል።

"ምን ብለሽ?"

"እውነቱን ነዋ። አባቴን ደብቀውኝ ምን እንደሆንኩ ያውቃሉ አይደል? እርስዎ ራስዎ ነዎት ደረጃዬ ላይ የቆሙት።"

"ቆሜአለሁ" አሉ ጋሽ መርዕድ። "ብዙ ደረጃ ላይ ቆሜአለሁ። ለዚህ ነው የምነግርሽ። መርዶ ጊዜ አለው፣ የሚደግፍ ሰው አለው፣ የሚቀመጡበት ቦታ አለው። ጋራዥ ውስጥ መርዶ አይነገርም። እኚህን ሴት እዚህ ገድለሽ በምን ልትወስጃቸው ነው?"

"ምንድነው የምታወሩት?" አሉ ሚስ ኦፓል።

"ቆንጆ ናት እያልን ነው" አሉ ጋሽ መርዕድ በእንግሊዝኛ።

ሚስ ኦፓል በዓይናቸው ዳር ሊያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። "ሃኒ፣ የኔን ዓይን ታውቂዋለሽ" አሉኝ። "አንቺ ንገሪኝ። እስከ መጨረሻው እየሳቀች ነበር?"

እኔ እውነት ቢገድልም ይነገር ባይዋ እነዚያን የደረቁ ጣቶች ጭናቸው ላይ እርስ በርስ ሲፋተጉ አየሁ።

"አዎ" አልኩ። "እስከ መጨረሻው።"

ቃሉ ምንም ሳይከብደኝ ወጣ። ድምፄ ግን የኔ አልነበረም። ያ ለስለስ ያለ፣ ቶሎ ብሎ ወሬ የሚቀይር ድምፅ የአልማዝ ነበር። "ተኝቷል" የምትለኝ በዚያ ድምፅ ነው።

ስንመለስ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ሚስ ኦፓል እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳርፈው በጣታቸው ምቱን እየመቱ ሄዱ። እኔ በሆዴ "ሆድ ይፍጀው" እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ሆድ ግን እንደሚባለው ሁሉን አይፈጅም። ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ፊታቸውን ሳጥብ፣ መድኃኒት ስሰጣቸው፣ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አልማዝ ያን ሁሉ ወር ይህን ተሸክማ እንዴት በላች፣ እንዴት ተኛች የሚለው ሐሳብ መጣብኝ። ልገፋው ሞከርኩ፣ አልሄድ አለኝ።

ሚስ ኦፓል እየደከሙ ሄዱ። አንድ ጠዋት መጋረጃውን እንድከፍት ጠየቁኝና ስከፍተው፣ "ማሰሪያውን አይቼዋለሁ" አሉኝ።

መጋረጃውን ትቼ ወደሳቸው ዞርኩ።

"መሐሉ ነው የጠፋብኝ፣ ዳሩ አይደለም" አሉ። "እግር ደግሞ ከታች በዳር ነው ያለው። የተበጠሰው የኔ ማሰሪያ ነው። ያቺ የምትስቀው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?"

"አንድ ሰው ሲለኝ ልሰማው ፈልጌ ነው። እናቴ ያንን ቃል ይዛ ነው የሞተችው፤ ምን ይመስል ይሆን እል ነበር። ጥሩ ነው፣ ሞቅ ያደርጋል። ስላልሽኝ አመሰግናለሁ።" ትንሽ ተነፈሱ። "ግን ሌላኛዋን ማየት አልቻልኩም። ፊቴን ወደሷ ላዞር ስል አንገቴ እምቢ አለኝ። አንቺ አይተሻታል። አሁን ንገሪኝ።"

እንደ አገሬ ሰው ነው ያደረግኩት። ቀና አድርጌ በትራስ ደገፍኳቸው። ውኃ አጠጣኋቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁለት እጃቸውን ያዝኩ። ከዚያ የተነከሰውን ከንፈር፣ ወደ ጎኗ የሚሄደውን እጅ፣ መጨረሻ ላይ ያልተነሳውን ክንድ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

"ወደኔ አይታ ነበር?"

ይህን እንዳይጠይቁኝ ስፀልይ ነበር። "አዎ። ስትዞሩ ሁሉ ወደ እርስዎ ታይ ነበር።"

"እኔስ?"

"እርስዎ ካሜራውን ነበር የሚያዩት።"

ከዚያ ትንሽ ገላ ይወጣል የማይባል ድምፅ አወጡ። ሰማንያ ዓመት የዘገየ ለቅሶ ነበር፤ አስከሬኑ እዚያው ቤት ያለ ያህል "ሩቢ፣ ሩቢ" እያሉ ደረታቸውን መቱ። የኛ አገር ሰው ብቻ እንዲህ የሚያለቅስ ይመስለኝ ነበር። እኔም አብሬ አለቀስኩ። የማለቅሰው ለማን እንደሆነ ግን ለይቼ አላውቅም። ሲደክማቸው፣ "እናቴ እውነቱን አውቃ ሳትቀብራት ሞተች" አሉ። "እኔ ዛሬ ቀበርኳት።"

ጥቂት ቀን ቆይተው አረፉ። በሰላም አረፉ ብዬ አልዋሻችሁም። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት እያለቀሱ ነበር። ቢሆንም ያለቀሱት ለእህታቸው ነው፤ ምን እንደሆነችም እያወቁ ነው።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" እንላለን። ድሮ የምሰማው "ይጠራል" የሚለውን ብቻ ነበር፤ "እያደር" የሚለውን እዘለው ነበር። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከመካከላችሁ መርዶ የተደበቀበት አይጠፋም፤ የደበቀም አይጠፋም። የቱ ትክክል እንደሆነ አልነግራችሁም፣ አላውቀውማ። ሚስ ኦፓል ሁለቱንም ጠይቀውኝ ሁለቱንም ሰጥቻቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ፤ ለምን ደበቃችሁኝ ብላችሁ ስትቆጡ፣ የተደበቀው ነገር ምን እንደነበረ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልጠየቅኩም ነበር። አባቴ እንዴት እንደሞተ አላውቅም ነበር። የያዝኩት ቂሙን ብቻ ነው።

ከቀብራቸው ስመለስ መኪናዬን ቴሌግራፍ አቬኑ የሚባለው ጎዳና ዳር አቁሜ አልማዝ ጋ ደወልኩ።

"እታለም" አልኳት። ከልጅነቴ በኋላ እንደዚያ ጠርቻት አላውቅም። "አባባ እንዴት እንደሞተ ንገሪኝ። ምንም አታስቀሪ።"

"ይቅርብሽ" አለች።

"አይቅርብኝ።"

"በመጨረሻው ቀን ስምሽን እየጠራ አስቸገረኝ" አለች። "'የት ናት?' ይላል። ሥራ ናት ብለው አይሰማም፣ አሜሪካ ናት ብለው አይሰማም። ሲጨንቀኝ 'መጥታለች፣ በር ላይ ናት፣ ጫማዋን እያወለቀች ነው' አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ" አለች እህቴ። "እንደዚያ እንዳዞረ ነው የሞተው። ይሄን ምን ብዬ ልንገርሽ?"